የታች ግራ ጥግ

ሰኞ፣ ጥቅምት 14 ቀን፣ ከቀትር በኋላ

ይድረስ ለልጄ አባት፣

«ለተከበሩ» ብዬ ጀምሬ ነበር። «እንደምን ሰነበቱ» ብዬም ቀጠልኩ። ከዚያ ወረቀቱን ቀድጄ ጣልኩት። አሥራ አራት ዓመት አንድ አልጋ ላይ አብሬው የተኛሁትን ሰው አንቱ ብሎ መጻፍ ለካ አይቻልም። ከመሄድህ በፊት በሥራ ቦታ «እርስዎ» እና «ኢንጅነር» ስንባባል የከረምነው ይበቃል። አንተ ብዬሃለሁ፤ ከከፋህ ይክፋህ።

እኛ ደህና ነን። ልጅህ ባንድ ወር ውስጥ ጫማዋ ጠቧታል፤ አምስተኛ ክፍል ከገባች ወዲህ ደግሞ መልስ የማይገኝለት ጥያቄ ታመጣለች። እናቴ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በርትታ ደረጃ መውጣት ጀምራለች። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ዛሬም ያንጠባጥባል። ሁለት ቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ ሁለቱም ያጠበቁት መስሏቸው ሄዱ። «ባሕር ውስጥ መንገድ የምትሠራ ሴት የቤቷን ቧንቧ አልቻለችም» እየተባልኩ የጎረቤት መሳቂያ ሆኛለሁ።

ዘጠኝ ጊዜ ደወልኩልህ፤ ቆጥሬያለሁ። አታነሳም። አጭር መልእክት ስልክልህ «እሺ» ብለህ ትመልሳለህ፤ ምኑ እሺ እንደሆነ አንተና ፈጣሪ ታውቃላችሁ። ስለዚህ የፓምፕ መካኒካችን ረቡዕ ከሰዓት ወደ እናንተ ወደብ ስለሚመጣ ይህን በእጁ እልክልሃለሁ። አዲሱ መሥሪያ ቤትህ ወረቀትህን ጨርሶልህ ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምትጠልቅ የነገረኝ እሱ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፤ ሳትቆጣ እውነቱን ንገረኝ። ሰባተኛው ሣጥን ከስድስተኛው ጋር የተገናኘ ዕለት፣ ጠልቀህ የታች ግራ ጥግን አይተኸዋል ወይስ አላየኸውም?

ነገሩን የቀሰቀሰችብኝ ልጅህ ናት። ትናንት ምሳ ዕቃዋን ሳጥብ «እማዬ፣ መንገዱ ባሕር ውስጥ ሆኖ እንዴት ነው ውሃ የማይገባው?» አለችኝ። በምሳ ዕቃዋ አስረዳኋት። አሥራ አንድ ትልልቅ የኮንክሪት ሣጥኖች ደረቅ ላይ ሠራን፤ ጫፍና ጫፋቸውን በብረት ግድግዳ ዘጋን፤ አንሳፍፈን ወስደን ባሕሩ ወለል ላይ በቆፈርነው ቦይ ውስጥ አንድ በአንድ አስቀመጥናቸው። የእያንዳንዱ ሣጥን አፍ ዙሪያውን እንደ ምሳ ዕቃዋ ክዳን ጎማ አለው። አዲሱን ሣጥን ከአሮጌው አስጠግተን በሁለቱ የብረት ግድግዳዎች መካከል የቀረውን ውሃ ስናወጣ፣ ባሕሩ ራሱ ከጀርባ ይገፋውና ጎማውን ጨፍልቆ ይዘጋዋል።

«ጠላት ራሱ በሩን ይዘጋልናል ማለት ነው?» አለችና ሳቀች። አዎ አልኳት። ከዚያ «ክዳኑ ላይ ፍርፋሪ ከተጣበቀበትስ?» አለችኝ። ምሳ ዕቃው ከእጄ ሊያመልጥ ነበር።

ምክንያቱም ከሦስት ቀን በፊት እዚያው መገጣጠሚያ ላይ፣ የታች ግራ ጥግ፣ እርጥበት አይቻለሁ። ብርጭቆ አስቀመጥኩበት፤ በማግሥቱ ግማሽ ድረስ ሞልቶ አገኘሁት። አዲስ ኮንክሪት ያልበዋል፣ ታውቃለህ፤ ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት። ጨው ነው። ለሥራ አስኪያጁ፣ አንተ «አቶ ዛሬውኑ» ብለህ ስም ላወጣህለት፣ ሄጄ ነገርኩት። «ላብም እኮ ጨው አለው ኢንጅነር» ብሎ ሳቀብኝ። የግፊት ፈተና ይደረግ አልኩት። «የጠላቂው ቅጽ ንጹሕ ከሆነ ፈተና አያስፈልግም ይላል ደንቡ። የፈረሙትም እርስዎ ነዎት» አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት በስድስትና በሰባት መካከል ያለውን የብረት ግድግዳ ይቆርጡታል። ሁለተኛው፣ የውስጠኛው ጎማ፣ ነገ ይገጠማል። ነገር ግን የውጪው ጎማ ክፍት ከሆነ፣ ግድግዳው ከተቆረጠ በኋላ በባሕሩና ውስጥ በሚሠሩት ሠላሳ ሰባት ሰዎች መካከል የሚቆመው የውስጠኛው አንድ ጎማ ብቻ ነው። እሱ ያመለጠ ቀን የሚዘጋ በር የለም። ግድግዳው ይቆረጥ ብሎ የሚፈርመው የእኔ እጅ ነው። ከውጪ በኩል ደግሞ መገጣጠሚያው ድንጋይ ተሞልቶበታል፤ ዛሬ ማንም ወርዶ ሊያየው አይችልም። ያንን ጥግ በዓይኑ ሊያይ ይችል የነበረው አንተ ብቻ ነህ።

ዛሬ ጠዋት የዚያን ቀን ስትጠልቅ የተነጋገርነውን የድምፅ ቅጂ አስወጥቼ ሰማሁት። ከቅጹ አምስት ጥያቄዎች አራቱን በደንብ መለስክ። አምስተኛው ላይ እኔ እንዲህ እላለሁ፦ «የታች ግራ ጥግ። ንጹሕ ነው ወይስ የተጣበቀ ነገር አለ?» ከዚያ የአየር አረፋ ብቻ ይሰማል። ከዚያ አንተ፦ «እንዳሉት ነው፣ ኢንጅነር።» እኔም፦ «ተመዝግቧል።»

ወይ ጉድ! ይህ መልስ ነው? ሻይ ነው ወይስ ቡና የተባለ ሰው «አዎ» ሲል ሰምተህ ታውቃለህ? ግን ባንተ ብቻ አልፈርድም። መልስ ያልሆነውን ሰምቼ ቅጹ ላይ «ንጹሕ» የሚለውን ራይት ያደረግሁት እኔ ነኝ። ደግሜ ልጠይቅህ ይገባ ነበር። አልጠየቅሁህም፤ ብደግመው የምለምንህ መሰለኝ። ያፌዝክብኝም መሰለኝ።

ለምን እንደመሰለኝ ታውቃለህ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ መታጠቢያ ቤት ልብስ እያለቀለቅሁ «ማክሰኞ በስምንት ሰዓት እናቴ ቀዶ ሕክምና ትገባለች፤ እኔ እስክደርስ አንተ ሁንላት» አልኩህ። «እንዳልሽ ይሁን» አልከኝ። አልመጣህም። እናቴ ወረቀቷን የሚፈርምላት ሰው አጥታ ሁለት ሰዓት ሙሉ ኮሪደር ላይ ተኝታ ጠበቀች። ማታ ለምን ስልህ በሩ ላይ ቆመህ «ጥፋቴ ነው» አልከኝ፤ በቃ። ምክንያት የለ፣ ይቅርታ የለ። «ልብህ ድንጋይ ነው» አልኩህ። ሻንጣህን አንሥተህ ወጣህ። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልክ፤ እኔም ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩ። ድሮ ሠራተኞቹ «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» እያሉ ሲቀልዱብን እንስቅ ነበር። በግትርነት እንኳ እውነት ነው።

እነሆ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ወረቀቱ እኔን ይዞኛል። ራይቱን ብሰርዘው ወይ አንተ ዋሽተሃል ወይ እኔ ዋሽቻለሁ ማለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ያንተን ቃል እፈልጋለሁ። ለመካኒኩ ንገረው፣ ረቡዕ ማታ ይደውልልኛል። አንድ ቃል ይበቃኛል፦ አይቻለሁ፣ ወይም አላየሁም።

ማክሰኞ፣ አሥር ሰዓት ተኩል

ደብዳቤውን ልዘጋው ነበር። አልዘጋሁትም። የእጅ ጽሑፌ ቢበላሽብህ ይቅር በለኝ።

ቅጂውን በስልኬ ይዤ ቤት ገባሁ። ድምፅህ ውስጥ ፌዝ ይኑር አይኑር ልለይ ብዬ «እንዳሉት ነው» የምትለዋን ደጋግሜ እያጫወትኩ ሳለ ልጅህ ከትምህርት ቤት ደረሰች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ቆማ አዳመጠችና «አባዬ አልሰማሽም» አለችኝ።

«ምን?»

«አልሰማሽማ! አባዬ እኮ ሳይሰማ ሲቀር ነው እንዳልሽ የሚለው። ለእኔም እንደዚያ ነው። ብስክሌት ግዛልኝ ስለው እንዳልሽ አለኝ፤ በቀኝ ጆሮው ስደግምለት "አብደሻል እንዴ?" አለኝ።»

መሳቅ ጀመርኩ፤ ከዚያ ቅጂውን አቆምኩት። «በቀኝ ጆሮው ማለት?»

«ግራው አይሠራማ» አለችኝ፣ አንድና አንድ ሁለት ነው እንደምትል ሰው። ከዚያ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ለማንም እንዳትናገሪ ብሎኝ ነበር። ላንቺም።»

ከመቼ ጀምሮ ነው ብዬ ጠየቅኋት። ሁለተኛ ክፍል እያለች ጀምሮ። ሦስት ዓመት! ሦስት ዓመት ሙሉ ይህች ልጅ መንገድ ላይ በቀኝህ በኩል እየሄደች፣ እራት ላይ በቀኝህ እየተቀመጠች፣ የሰው ጨዋታ ሲያመልጥህ እጅህን በጣቷ እየነካች ምስጢርህን ይዛልህ ነበር። እኔ አባቷን አጉል ትወዳለች እያልኩ እቀናባት ነበር!

ተቀምጬ ሦስቱን ዓመት ወደ ኋላ መለስኩት። ስልክ የማታነሳው። ሰው ከበዛበት ግብዣ ላይ ቶሎ ራሴን አመመኝ የምትለው። እኔ ከወጥ ቤት ስጮህ ዝም የምትለው፣ እኔም ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ ብዬ የማኮርፈው። ጎረቤቶቼ «ምን ዓይነት ባል ነው፣ ያልሽውን ሁሉ እንዳልሽ ይልሻል» እያሉ ያመሰግኑህ ነበር። ያንን ቀን ከመታጠቢያ ቤት፣ ውሃው እየፈሰሰ፣ በሩ ገርበብ ብሎ ነው የነገርኩህ። ስለ እናቴ የነገርኩህን አንዲት ቃል አልሰማህም። ለምን ስልህ ግን አልሰማሁሽም ማለት አቃተህ። ልበ ድንጋይ መባልን ደንቆሮ ከመባል አስበለጥክ። ሚስትህን፣ ቤትህን ትተህ ወጣህ እንጂ አንዲት ቃል አልተነፈስክም።

አንተ ሰው! እንዴት አድርጌ ልቆጣህ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ያንተ ጆሮ ግን ባዳ የሆነው ለእኔ ነው። አንጀቴን በልተኸዋል፤ ደግሞም አቃጥለኸኛል። አጠገቤ ብትሆን መጀመሪያ በጥፊ ነበር የምልህ፣ ከዚያ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ከዚያ ወደ ቀልቤ ስመለስ የመጥለቂያ ቆብህ ድምፅ ማጉያ በየት በኩል እንደሆነ አሰብኩ። በግራ ነው። አራቱ ጥያቄዎች በተለመደው ቅደም ተከተል ስለሆኑ በልምድ መለስካቸው። አምስተኛው ግን በልምድ የሚመለስ አልነበረም፤ የቱን ጥግ እንዳልኩህ እንኳ አልሰማህም። ስለዚህ ያንተን መልስ መጠበቅ አያስፈልገኝም። አላየኸውም። ማንም አላየውም።

ረቡዕ፣ ከምሳ በፊት

መካኒኩ ከምሳ በኋላ ይነሣል። የሆነውን ልንገርህ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ቅጹን ከፋይሉ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፤ ራይቱን በቀይ ሰረዝኩት፣ «አልታየም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ሰውየው ብድግ አለ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ጥርጣሬ እየጻፍኩ ነው። አሁን ፈተናው ግዴታ ነው።»

«ነገ የሚቆረጥ ግድግዳ! ዛሬውኑ! ጠላቂው ዋሽቷል እያሉኝ ነው?»

«እሱ አልዋሸም። መልስ ያልሆነውን መልስ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ይህ ሥራዎን እንደሚያሳጣዎት ያውቃሉ?» አለኝ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ እውነት ለእኔ አስቦ ነው የጠየቀኝ። አውቃለሁ አልኩት።

ሦስት ሆነን ወረድን፦ እኔ፣ እሱና ግድግዳውን የሚቆርጡት ጋሼ፣ እኒያ ወሬ የማይወዱት ሽማግሌ። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለውን ማፍሰሻ ቫልቭ ዘጋሁት። የውጪው ጎማ ጤነኛ ከሆነ በመካከሉ ውሃ አይገባም፣ የግፊት መለኪያው መርፌ ዜሮ ላይ ይተኛል። ክፍተት ካለው ግን ባሕሩ ይገባና መርፌው እስከ ሁለት ነጥብ አራት ይወጣል፤ በዚያ ጥልቀት የባሕሩ ክብደት ያ ነው። አንድ ሰዓት መጠበቅ ነበረብን።

አሥር ደቂቃ፣ ምንም። አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ምንም። ሥራ አስኪያጁ «ተኝቷል» አለና ፈገግ አለ። እኔስ ምን እንደተሰማኝ ታውቃለህ? ደስ አለኝ። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ሥራዬን አጥቼ፣ ተዋርጄ፣ መርፌው ባይነሣ ብዬ ለመንኩ። አንተ ሳታየው እንኳ ንጹሕ በሆነ ብዬ ለመንኩ።

ሃያ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ መርፌው ተነቃነቀ። መጀመሪያ ዓይኔ መሰለኝ። ጋሼ ወደ መለኪያው ጎንበስ አሉና በጣታቸው መታ አደረጉት፤ አልተመለሰም። ግማሽ ገባ። አንድ ገባ። ፓምፑ ሩቅ ይሰማል። አንድ ተኩል ላይ ሥራ አስኪያጁ «ስንት ሰው ነው ነገ ወዲያኛው ሣጥን ውስጥ የሚገባው?» አለኝ። ሠላሳ ሰባት አልኩት። ቁጥሩን ያውቀው ነበር፣ ራሱ ነው የመደባቸው። ሁለት ላይ ጋሼ የእጅ ጓንታቸውን አወለቁ፣ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «እኔ ይህን ግድግዳ አልነካም» አሉ። ሃምሳኛው ደቂቃ ላይ መርፌው ሁለት ነጥብ አራት ደርሶ ቆመ። የታች ግራ ጥግ ላይ የተጣበቀ ነገር አለ። ምን እንደሆነ ድንጋዩ ሲነሣ ይታያል፤ ወር ሁለት ወር ይፈጃል።

ግድግዳው አይቆረጥም። ለነገ የተመደቡት ሰዎችም አይገቡም። እኔ ምርመራው እስኪያልቅ ምንም ወረቀት ላይ እንዳልፈርም ተነግሮኛል፤ ቁልፌንም ተቀብለውኛል። ሥራ አስኪያጁ በር ድረስ ሸኘኝና እጄን ጨበጠኝ። ያም ቢሆን ከእሱ ብዙ ነው።

አንተንም ይጠይቁሃል። ስለ ጆሮህ በሥራ ቦታ ለማንም አልተናገርኩም። የሐኪም ምርመራውን በየዓመቱ እንዴት እንዳለፍክም አልጠይቅህም።

ግን ቅዳሜ አለ። ቅዳሜ አንድ የማታውቀው ሰው በዚያ በግራ ጆሮህ ያናግርሃል። ክሬኑ ከበላይህ ብረት እያወረደ «ወደ ኋላ ሽሽ» ይልሃል። ወይም «ገመድህ ተጠላልፏል፣ አትንቀሳቀስ» ይልሃል። አንተም እንደ ልማድህ «እንዳሉት» ትለዋለህ። ሰውየውም እንደ እኔ ተመዝግቧል ይላል። እዚህ መርፌ ነበረልኝ፣ ቫልቭ ነበረልኝ፣ የምሰርዘው ራይት ነበረልኝ። አንተ ዘንድ ምን አለኝ? ይህች ወረቀት ብቻ!

ስለዚህ አድምጠኝ፣ ማለቴ አንብበኝ። እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ድረስ ለአለቃህ ራስህ ንገረው። ከአንተ አፍ ቢወጣ ይሻላል፤ ምናልባት ከውሃ ውጪ ላለ ሥራ፣ ለስልጠና ያስቀሩህ ይሆናል። ሃያ ስድስት ዓመት የኖርክበትን ውሃ ተው ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልዘነጋሁትም። ካልነገርከው ግን ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ እኔ እደውልለታለሁ። ቁጥሩን ከመካኒኩ ተቀብዬ ኪሴ ውስጥ ይዤዋለሁ። ከባሕር የማስወጣህ እኔ ከሆንኩ ዕድሜህን ሙሉ ይቅር እንደማትለኝ አውቃለሁ። አውቄ ነው የምደውለው።

ልጅህን አትቆጣት። ምስጢርህን ያወጣችው ድምፅህ ስለናፈቃት ነው። ከትናንት ጀምሮ መጥፎ ልጅ ነኝ እያለች ታለቅሳለች፤ ሁለት መስመር ጻፍላት።

ፈጣሪ እጅህን፣ እግርህን፣ የቀረችህንም ጆሮ ይጠብቅልህ። የሄድክበት ቤት ይሙቅህ፣ የወረድክበት መሰላል ሁልጊዜም መልሶ ያውጣህ። እናቴ ሰላም ብላሃለች፤ ትናንት የሆነውን ነግሬያት ኮሪደሩን ይቅር ብላሃለች።

ጥላኝ፣ አልከለክልህም። ግን ከውሃ በላይ ሆነህ ጥላኝ።

ሚስትህ